ሰማንያ አራት ግራም

አርባ ዓመት ጥርስ ሠራሁ፣ ለሎውኒ ሰዎች ሁሉ፤
በእኔ መንጋጋ ያኝካሉ፣ በእኔ ጥርስ ያማሉ።
ጡረታ ስወጣ ከላቦራቶሪው ይዤ የወጣሁት
ሞረድ፣ ቀጭን መሰርሰሪያ፣ እርሳስ የማቀልጥበት፣
የግራምን አንድ አሥረኛ የማትስት ሚዛን፤
ሁለታችን ነን እንግዲህ፣ ክንፍ መሥራት የጀመርን።

ፎም ርካሽ ነው፤ ወድቆ ይነሣል፣ አያውቅም ሐፍረት።
ካርቦኑ ጥቁር ነው፣ ቀጥ ያለ፣ እንደ ዳኛ ፊት፤
አይለመጥም፣ አይለመንም፣
ሲሰበር ግን በአንዴ ነው፣ እንደ ጥይት።
ባልሳውን መረጥኩ። በጥፍሬ ስጫነው ይሰረጉዳል፤
ጠብታ ውኃ ባሳርፍበት፣ አብጦ ይመለሳል፣
ስህተቴን ይቅር ይላል።
ለአከርካሪው ግን ጥድ፤ ከላይ አንድ ዘንግ፣ ከታች አንድ ዘንግ፣
ጎብጣ እንድትመለስ፤ ድርቅናማ ሞልቶናል፣ ማን ይፈልግ!

ሃያ ስድስት ጎድን ቆረጥኩ፤ አንዱን ድመቴ ደበቀችው፤
ሌላ ሠርቼ፣ ክንፉ ተለብጦ ካለቀ በኋላ
ከሶፋ ሥር አወጣችው።
ለጅራቷ ሁለት ሰርቮ፣ የብረት ጥርስ ያላቸው፤
የፕላስቲክ ጥርስማ፣ እኔ ነኝ የማውቃቸው።

በመጨረሻ ከክንፏ ሥር በሁለት ጣት ጫፍ ሳነሣት
ጅራቷ ዘጭ አለ፤ አፍንጫዋ ላይ
ሰማንያ አራት ግራም አነሳት።

ራዲም መጣ፣ የጎረቤቴ ልጅ፣ ክንፉን በማሽን የሚያትም።
«ሞተር ይግጠሙላት፣ ወይዘሮ ብላዤና፤
ሞተሩም ሰማንያ አራት ነው፣ ከዚያ አይበልጥም።
እርሳስ ምን ይሠራል? ተኝቶ ይሳፈራል፤
ሞተር ግን ነፋስ ሲከዳ ወደ ቤት ይመልሳል።
እርሳሱንስ ይርሱት!»
እውነቱን ነው። በሒሳብ አልረታሁትም።

ወንድሜ ጋ ሄድኩ፤ ሰጠኝ የዓሣ መንጠቆ ማስመጫ፣
ጄሶ በጥብጬ፣ እንደ መንጋጋ ልክ ወስጄ ከአፍንጫ፣
አቅልጬ ቀዳሁት። ለመስመጥ የተሠራ ነበር፤
አሁን ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ ምንም ሳይሠራ፣ ሊበር።
በእርሳስ ነደፍኳት፣
በእርሳስ አበረርኳት።

ራና ኮረብታ ላይ ዛፍ የለም፤ ሣር ነው፣ ሣሩም ይጋደማል፤
ከሥሩ የግንቦት ጎመንዘር፣ ቢጫው ዓይን ያጥበረብራል።
ወረወርኳት። ነፋሱ ከኮረብታው ደረት ተጋጭቶ ሲወጣ ተቀበላት፤
ሪሞቱ ላይ፣ አውራ ጣቴ ሥር፣ ተሰማኝ የክንፏ ቅለት።
ድምፅ የላትም። ራዲም ሊገባው ያቃተው ይኸው ነው፤
ከራሳችን በላይ ስታልፍ፣ አየሩ ብቻ ነው
እንደ ሐር ሲቀደድ የሚሰማው።

ሃያ ደቂቃ። ከዚያ ነፋሱ፣ እንደ አኮረፈ እንግዳ፣
ሳይሰናበት ሄደ።
ወረደች፣ ከጫፉ በታች፣ ወደ ሜዳ።
ራዲም አልተናገረም፤ ዝምታው ግን «ነግሬዎት ነበር»፤
የእሱዋ ሞተሯን አስነሥታ ወጣች፣ እንደ ትንኝ ስትዘምር።

ሪሞቱን ሣር ላይ ትቼ ወረድኩ።
የስድሳ ስምንት ዓመት ጉልበት፣ ቁልቁለት፣ የላላ ድንጋይ፤
ሞተር የሌለው በእግሩ ይከፍላል፤
ዕዳዬን አውቃለሁ፣ አልልም ዋይ።

ጎመንዘሩ ዋጠኝ እስከ ደረቴ። ልብሴ ቢጫ ሆነ፣ ፊቴም።
ከጎድኖቿ አንዱ ተሰብሯል፤
እርሳሱ ግን ንቅንቅ አላለም።
ድመቴ የሰረቀችው ትዝ አለኝ፤
መለዋወጫ እንኳ አለኝ።

ከኋላዬ አገዳው ተንኮሻኮሸ። ራዲም ነው፣ ሪሞቴን ይዞ፣
ጫማው ጭቃ ብቻ፣ ጸጉሩ በቢጫ አበባ ተነስንሶ።
ተቀበለኝ። በሁለት ጣቱ ጫፍ ከክንፏ ሥር አነሣት፤
ቀጥ ብላ ቆመች። ነካት፤ ተወዛወዘች፤
ደግሞ ቀጥ አለች። ዝም ብሎ አያት።

«እርሳሱ ስንት ግራም ነበር ያሉኝ?» አለ።
«ሰማንያ አራት» አልኩት፣ «ሙጫውን ሳይጨምር»።